የካፒቴኑ ኮዳ

ኢንስፔክተሯ የእንጨት ሥራ ወርክሾፑ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ዓይኗ የገባው የጭቃ ዱካ ነበር። የታኬታ ዱካ ነው። ከበሩ ተነሥቶ ሰጋቱራውን ቀጥ ብሎ እየሰነጠቀ፣ ተማሪዎቹ የውሃ ኮዳቸውን የሚደረድሩበት መደርደሪያ ሥር ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው የተገለበጠ ወንበር፣ በትውከት የራሰ ፍቅፋቂና ወለሉ ላይ የተጋደመ አንድ ሰማያዊ ኮዳ ብቻ ነው።

«ተማሪዎቹን ካፊቴሪያ ሰብስቤያቸዋለሁ» አለ ሳጅኑ። «የታመመው ልጅ ሆስፒታል ገብቷል። የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን አምበል ነው። ካፒቴን ነው የሚሉት። እናቱም በስሙ የምትጠራው አይመስለኝም።»

«እንዴት ሆነ?»

«ከኮዳው ተጎነጨ፣ ጉሮሮውን ያዘ፣ ወደቀ። እስቲ ያሽቱት።»

ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ነበር። ቀና ስትል ቅንድባቸው ላይ ሰጋቱራ የተነሰነሰባቸው አንድ ሽማግሌ ከጎኗ ቆመዋል፤ የእንጨት ሥራ መምህሩ ናቸው።

«የምስጥ መድኃኒት ነው» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «እንጨቱን የምንቀባው። እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው።»

«ምስማሩ የት እንዳለ ማን ያውቃል?»

መምህሩ መሬት መሬቱን አዩ። «ሁሉም።»

ሐኪሙ በስልክ የሰጣት ተስፋ ቀጭን ነበር። ምን እንደጠጣ ማወቃቸው ጠቅሟቸዋል፤ የጠጣውም ብዙ አይመስልም፤ ይተርፍ አይተርፍ ግን ማታ ካልሆነ አይታወቅም። ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ አለቃዋ ደወሉ። የልጁ አባት ትልቅ ሰው ነው፤ ሳይመሽ አንድ ስም ይፈለጋል። አለቃዋ ስም የሚፈልጉት ገበያ ላይ እንዳለ ዕቃ ነው፤ መቼም ቢሆን ሲያዙ እንጂ ሲፈልጉ ታይተው አያውቁም።

ካፊቴሪያው ውስጥ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ጠራቻቸው። መልሳቸው ተመካክረው የመጡ ይመስል አንድ ነበር።

«ኮዳው የማን ነው?»

«የካፒቴኑ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለቻት ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ።

«ሁልጊዜ ከሱ ነው የሚጠጣው። እረፍት ከመውጣታችን በፊት መጥቶ ያነሣዋል።»

መምህሩም ያሉት ይህንኑ ነው። «የሱ ነው እንጂ፤ ዓመቱን ሙሉ በእጁ ሳየው አይደል የከረምኩት።»

ስለዚህ ኢንስፔክተሯ አንድ ነገር ያዘች፦ አንድ ሰው ካፒቴኑን ሊገድለው ፈልጓል። ይህን ከያዘች በኋላ የቀረው ማን ይጠላዋል የሚለው ነው። ስትጠይቅ ግን ሁሉም «ማንም» አሏት፤ እሱንም ቶሎ ቶሎ። እንዲህ ቶሎ የሚመጣ መልስ አትወድም።

«ኮዳው ከእጁ እንዴት ወደቀ?»

«ጭራሮ ገጨው» አለ አንድ ወፍራም ልጅ። «እሱ መቼም ሁሌ እንደተደናቀፈ ነው።» ይህን ሲል ከንፈሩ ሳቅ ሳቅ አለው፤ ከዚያ የት እንዳለ ትዝ ሲለው አፉን ዘጋ።

ጭራሮ የሚሉት ልጅ መጣ። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ ባታውቅም፣ ለምን እንደወጣለት ሲያዩት ይገባል፤ ከሲታ ነው፣ እጅጌው አጥሮበታል፣ ሲቀመጥም ወንበሩን እንዳያስቀይም የፈራ ይመስላል። የታችኛው ከንፈሩ አብጧል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«እንጨት መታኝ።»

«ከካፒቴኑ ጋር እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን።» ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አጣብቆ ያዛቸው። «ይተርፋል?»

«ሐኪሞቹ የሚችሉትን እያደረጉ ነው።»

«ካልተረፈስ?»

ልጁ ደንግጧል ስትል አሰበች። ቤቷ የዚህ እኩያ ልጅ አላት፤ ሲደነግጥ እሱም እንዲህ ነው የሚሆነው። ትከሻውን መታ መታ አደረገችውና «በል የኔ ልጅ፣ ቤትህ ግባና እረፍ» አለችው። ልጁ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ሊል እንዳሰበ ቆም አለ። እሷ ግን ቀጣዩን ልጅ ለመጥራት እጇን አንሥታ ነበር።

«ደህና ይሁኑ» አለ ጭራሮ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፤ ከዚያ ወጣ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ርዕሰ መምህሩ እሷን ወደ ኮሪደሩ ጠርተው በሹክሹክታ አንድ ወሬ አቀበሏት። የእንጨት ሥራ መምህሩና ካፒቴኑ ዓይንና ናጫ ናቸው። ባለፈው ወር መምህሩ በሰው ሁሉ ፊት «አንድ ቀን እጄ ትገባለህ!» ብለው ዝተውበታል። የመድኃኒቱን ቁልፍ የያዙትም እሳቸው ናቸው።

«ዝቻለሁ» አሉ መምህሩ ስትጠይቃቸው፣ ጥፋቱን እንደ ኮት ለብሰውት። «በመጋዝ ሲቀልድ ነበራ። መምህር ስንቱን ይዝታል፣ ልጄ! የዛትኩትን ሁሉ ብፈጽም ኖሮ ይሄ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ አይኖረውም ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ማን ከፈተው?»

«እኔው ነኝ፣ ለሥራ። ከዚያ የጣውላ መኪና መጣ ሲሉኝ ክፍቱን ትቼው ወጣሁ። ይኼ የኔ ጥፋት ነው፤ ከዚህ አልሸሽም። ጩኸቱን እስክሰማ ድረስ ግን ከዘበኛው ጋር ጣውላ ሳራግፍ ነበር።»

ዘበኛውም የመኪናው ሾፌርም ይህንኑ መሰከሩ። መምህሩ ጣውላ ሲያራግፉ አንዴም ወደ ወርክሾፑ ዞር አላሉም፤ ሾፌሩ እንዳለው ሲጨቃጨቁ ነው የቆዩት፣ ጣውላው ጠማማ ነው ብለው። ስለዚህ ይህኛው መንገድ እዚያው ላይ ተዘጋ።

ሳጅኑ ደረቱን ነፍቶ የመጣው ያኔ ነው። የተማሪዎቹን ቦርሳ ሲፈትሽ ቆይቶ ከአንዱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ መሮ አግኝቷል። እንደ ትምህርት ቤቱ መሮ ያረጀ የዛገ አይደለም፤ እጀታው በእጅ ብዛት ያበራ፣ ስለቱ ፀጉር የሚቆርጥ ነው።

«የጭራሮ ነው» አሉ መምህሩ ገና ሲያዩት። «የሟች አባቱ ነው። አናጢ ነበሩ። ይሄን መሮ እኔ እንኳ ስነካው አይወድም።»

ቦርሳው የአንድ አጭር ልጅ ነበር። ሜትር ይሉታል፤ አንገቱ ላይ ሜትር ሳያንጠለጥል ታይቶ አያውቅም፣ እሱን ራሱን ቢለኩት ግን ብዙም አያስቆጥርም።

«ሰረቅከው?» አለው ሳጅኑ።

«አልሰረቅኩም። ሰጠኝ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ክፍል ሳንገባ።»

«ለምን?»

«አላውቅም። ‹ላንተ ይሁን› ብቻ አለኝ።» ሜትር መሮውን አየ። «አልጠየቅኩትም።»

«ጓደኛህ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አይደለም።» ይሄም ቶሎ መጣ።

«ነበር?»

ልጁ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር እየጎተተ እየለቀቀ ቆየ። «ነበር» አለ በመጨረሻ።

መምህሩ ናቸው የጨመሩላት። እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ረጅም ጣውላ ላይ ብቻውን የሚሠራ የለም፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፣ አንዱ ሲይዝ አንዱ ይቆርጣል። እነዚህ ሁለቱ ከትንሽነታቸው ጀምሮ ጥንድ ነበሩ። ዓመቱ ሲጀመር ሜትር ወደ ካፒቴኑ ጠረጴዛ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ጭራሮ ጣውላውን በማሰሪያ እየጠፈረ ብቻውን ይሠራል። «ጥንድ ልስጥህ ብዬው ነበር» አሉ መምህሩ። «ማንም እሺ አይልም፤ ተወኝ አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ዛሬ እንኳ እረፍት ሰዓት እዚሁ ብቻዬን ልቆይና ላጽዳ ብሎ አስፈቅዶኛል።»

ኢንስፔክተሯ መሮውን በእጇ መዘነችው። ሰው የአባቱን ቅርስ በምን ምክንያት ይሰጣል? ለማይናገረው ሰው፣ ለትላንት ጓደኛው፣ ለዚያውም ካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ፣ ለዚያውም በዚያው ጠዋት? ሳጅኑ ጆሮዋ ላይ ተጠግቶ «ድሮ ጉቦ በፖስታ ነበር» አላት። «አሁን በጨርቅ ሆኗል።» አልሳቀችለትም፤ እውነት ለመናገር ግን እሷም ያሰበችው እሱኑ ነው። ጭራሮ ካፒቴኑን ይጠላል፣ ሜትር ቅርብ ነው፣ መሮው ዋጋው ነው።

«ይሄን ልጅ ይዘኸው ና» አለች። «አክስቱን አስጠሩልኝ፤ አሳዳጊው ሳይኖር ቃሉን አንቀበልም።»

ጣቢያው ውስጥ ሜትር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አክስቱን ይጠብቃል። ኮዳው በላስቲክ ታሽጎ ጠረጴዛዋ ላይ ነው፣ መሮው ከጎኑ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ እሷ ግን ዕቃዎቹን ደጋግማ ታያቸዋለች። ሆስፒታል ደወለች፤ ለውጥ የለም። ጭራሮን እንዲያመጡት ቤቱ ሰው ላከች፤ በሩ ተቆልፏል አሏት።

ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል አንዲት ሴት በሩን ሳታንኳኳ ገባች። የዳቦ ቤት ሽርጧን አላወለቀችም፤ ዱቄቱ እስከ ክንዷ ድረስ ነው።

«እህቴ፣ ልጄ ቤት አልገባም» አለች። «ትምህርት ቤት ሰው ተመረዘ ሲሉ ሰምቼ ሥራዬን ጥዬ መጣሁ። ስልኩም ዝግ ነው። ከሲታ ነው፣ ረዘም ያለ፣ እጅጌው ያጠረ…» አልጨረሰችውም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስታይ ድምጿ ተለወጠ። «ይሄ ምን ይሠራል እዚህ? የልጄ ኮዳ ነው እኮ።»

«አይደለም፣ እመቤቴ» አለ ሳጅኑ በትሕትና። «ይሄ የካፒቴኑ ነው።»

«የምን ካፒቴን ነው? እኔ ነኝ የገዛሁት። ክዳኑ ሲሰበርበት የሌላ ኮዳ ክዳን የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ኮዳው ሰማያዊ ክዳኑ ጥቁር፣ አታይም?»

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ወደ አግዳሚው ዞረች። «እውነት ነው?»

ሜትር አንገቱን ደፋ። «የሱ ነው።»

«ታዲያ ክፍሉ በሙሉ የካፒቴኑ ነው ሲለኝ!»

«ካፒቴኑ ነዋ የሚጠጣው።» ልጁ አንገቱን ቀና አላደረገም። «ቀረጥ ይለዋል። በየቀኑ እረፍት ልንወጣ ስንል መጥቶ ይጠጣና የቀረውን ሰጋቱራው ላይ ይደፋዋል። ጭራሮ ምንም አይልም። መጀመሪያ መጀመሪያ እንስቅ ነበር። ቆይቶ መሳቁም ቀረ፤ የካፒቴኑ ኮዳ ሆነ በቃ። ሲጠይቁኝ የካፒቴኑ ነው ያልኩት ልዋሽ ብዬ አይደለም። የሱ አለመሆኑ ትዝ አላለኝም።»

እናትየው ልጁን ታየዋለች፤ ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ከእናትየው ላይ አነሣች፤ ያን ፊት ማየት አልቻለችም።

«አለቀ!» አለ ሳጅኑ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ካፒቴኑ በየቀኑ እንደሚጠጣው ያውቃል፤ ስለዚህ በገዛ ኮዳው አጠመደው። ልጁን እንፈልገው።»

«ልጄ?» አለች እናትየው። «ልጄ ጉንዳን አይረግጥም!»

ኢንስፔክተሯም ተነሥታ ነበር። ኮቷን አንሥታለች፣ አንድ እጇን አግብታለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሷ ደግሞ ዛሬ ቀኑን ሙሉ እየሮጠች ስትታጠቅ ነው የዋለችው። ቆመች። ጠዋት ያየችው የጭቃ ዱካ ነበር ያቆማት።

«ሜትር» አለች። «ካፒቴኑ ታኬታ አድርጎ ክፍል የገባው ለምንድነው?»

«ጨዋታ ነበራቸዋ። ሌላ ከተማ። በማለዳ ነው በአውቶቡስ የሄዱት። ሜዳው በዝናብ ተጥለቅልቆ ነው የተመለሱት።»

«እንደሚመለሱ ክፍል ውስጥ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። በሩን በርግዶ ሲገባ ሁላችንም ደነገጥን። እስከ ማታ አይመጣም ብለን ነበር።»

«ጭራሮም?»

«እሱም። ትላንት ካፒቴኑ ራሱ ነግሮታል፤ ‹ነገ የለሁም፣ ነገ ቀረጥ የለብህም› ብሎ።» ሜትር ይህን ብሎ ሲጨርስ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«እንግዲያው» አለች ኢንስፔክተሯ፣ የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው እየመሰላት፣ «ዛሬ ከዚህ ኮዳ የሚጠጣው ማን ነበር?»

መጀመሪያ የገባት እናትየው ናት። ወንበር አልፈለገችም፤ ባለችበት ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ተያይዞ መጣ። «ላንተ ይሁን» ያለው ጉቦ ሊከፍል አይደለም፤ የሚሄድ ሰው ነው ዕቃውን የሚያድለው። እረፍት ሰዓት ብቻውን መቆየት የፈለገው ወለል ሊጠርግ አይደለም። ካፒቴኑ ያልታሰበ መጥቶ ኮዳውን አንሥቶ ሲጎነጭም ልጁ አልተደናቀፈም።

«ከንፈሩን የመታው እንጨት አይደለም፣ አይደል?» አለችው ሜትርን።

«ካፒቴኑ ነው። ኮዳውን ከእጁ ሲያስጥለው በጥፊ መታው። ከዚያ ነው ካፒቴኑ ራሱ የወደቀው።»

«ይሄን ለምን ማንም አልነገረኝም?»

«ጥፊው?» ሜትር ግራ ገባው። «ሁልጊዜ ነው እኮ።»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ጨፈነች። «ቤትህ ግባና እረፍ» ነበር ያለችው። ሊሞት የወሰነን ልጅ፣ ሰው ገደልኩ ብሎ የሚያስብን ልጅ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ብቻውን ሰደደችው። «ደህና ይሁኑ» ብሏት ነበር፤ እሷ ቀጣዩን ስትጠራ።

«የት ይሄዳል?» አለች። «እህቴ፣ ዘመድ አለው? የሚወደው ቦታ?»

«የትም» አለች እናትየው ከወለሉ ላይ። «የትም አይሄድም። ከሥራ ስመጣ ሁሌ ቤት ነው።»

«ሆስፒታል ነው ያለው» አለ ሜትር።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ካፒቴኑ መሞት አለመሞቱን ሳያውቅ የትም አይሄድም። አንዴ አውራ ጣቴን በመዶሻ ስቶ መቶኝ፣ ጥፍሬ እስኪያድግ ድረስ በየቀኑ ቤታችን እየመጣ ሲያየው ነበር። አክስቴ ሰልችቷት ጓንት አድርግ አለችኝ።» ልጁ ተነሣ። «እኔም ልሂድ። እባክዎ።»

ከጣቢያው ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን መኪናው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ መንገዱ ላይ የተሰለፈ መሰለ። ሳጅኑ ጥሩምባውን እየነፋ ይራገማል። ኋላ ወንበር ላይ እናትየው ዱቄት የነካውን እጇን ታሻለች። ሜትር ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፈውን ከሲታ ልጅ ሁሉ አንገቱን አዙሮ ያያል። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ደጋግማ ትሞክራለች፤ ሐኪሙ አያነሣም።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ሳጅኑን ወደ ሐኪሙ ላከችና ከቀሩት ጋር የካፒቴኑ ቤተሰብ ወደተሰበሰበበት ኮሪደር ሮጠች። አንድ ጎልማሳ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል፤ የካፒቴኑ አጎት ነው።

«ከሲታ ልጅ? አዎ መጥቶ ነበር» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። «‹ይተርፋል ወይ?› አለኝ። ከየት ይተርፋል፣ ገደሉት እኮ አልኩት። ተበሳጭቼ ነበር… ምነው?»

«ወዴት ሄደ?»

«በደረጃው።»

«ወደ ታች?»

አጎትየው ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። ያ ማሰቡ ለኢንስፔክተሯ አንድ ዓመት ሆነባት።

«ወደ ላይ» አለ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጡት። የመጨረሻው ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ ባዶ ቅርጫት ታቅፋ ስትወርድ አገኟት። «ጣሪያው ላይ ልጅ አለ» አለች ሳይጠይቋት። «ውረድ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሰው ልጠራ ነው የምወርደው።»

ኢንስፔክተሯ እናትየውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አየች። «እዚሁ ደረጃው ላይ ይቆዩልኝ። ድንገት ካየዎት የሚሆነውን አላውቅም። እጠራዎታለሁ።» እናትየው የደረጃውን ብረት ጨበጠችና ቀረች። በዚያ ቀን ከተደረገው ሁሉ ከባዱን ያደረገችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ጣሪያው ላይ ነጫጭ አንሶላ በገመድ በገመድ ተሰጥቷል። ነፋሱ ያንቀሳቅሰዋል፤ ልጁ የት እንዳለ አይታይም። ሜትር ቀድሞ ገባ፣ እሷ ከኋላው። የመጨረሻውን አንሶላ ገለጥ ሲያደርጉ ጭራሮ ከጠርዙ ግንብ ተጠግቶ ቆሟል፤ ዓይኑ ደርቋል።

«አትምጣ» አለ።

«አልመጣም። እዚሁ ነኝ።» ሜትር ባለበት ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም። ፖሊስ አብራኝ አለች፤ ግን እሷ አልላከችኝም።»

ጭራሮ ኢንስፔክተሯን አያት። «ሰው ገድያለሁ። ይሰሩኝ።»

«ማንም ሞቷል ያለኝ የለም።»

«አጎቱ ነገረኝ።»

«አጎቱ ሐኪም አይደለም።»

«እሺ፣ ይተርፋል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሁሉም ሰው ሲዋሽበት የኖረ ነው፤ ኮዳው እንኳ የሱ አይደለም ተብሏል።

«አላውቅም» አለች። «የማውቀውን ግን ልንገርህ። አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የጠጣው። ለምን አንድ ብቻ ሆነ?»

ልጁ ያበጠ ከንፈሩን ነካ አደረገ።

«አንተ ኮዳውን ስለመታኸው ነው። አልተደናቀፍክም። እየሮጥክ ሄደህ ከእጁ አስጣልከው፤ እሱ ደግሞ በጥፊ መታህ። እስካሁን የሚተነፍስ ከሆነ ባንተ ነው የሚተነፍሰው።»

«ሁሉም ተደናቀፈ ነው ያሉት።»

«ሁሉም ዛሬ ያልሆነውን ሲነግረኝ ነው የዋለው» አለች። «እኔም አመንኳቸው። አንተን ግን አልጠየቅኩህም። አጠፋሁ።»

ሜትር ጉልበቱን አቅፎ ነበር። «እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር» አለ። «እንደ ሁልጊዜው። ጠዋት መሮውን ስትሰጠኝ ለምን ብዬ ልጠይቅህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ካፒቴኑ ቢያየኝስ አልኩና ዞር አልኩ። ከተማው ውስጥ እንኳ አልነበረም እኮ። በሌለበት ፈራሁት።» አገጩን ጉልበቱ ላይ ጣለ። «አንተ ሁልጊዜ ብቻህን ትውላለህ፣ እኔ ከነሱ ጋር ስስቅ እውላለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን ምን እንደምልህ አላውቅም።»

ጭራሮ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ።

«ደክሞኛል» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

«እሺ፣ አላውቅም። ንገረኛ።» ሜትር አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ግን እዚህ አይደለም። ብርድ ነው፤ ስትንቀጠቀጥ ቃልህ አይሰማኝም። ውስጥ እንግባና ሁሉንም ንገረኝ። እስኪነጋም ቢሆን እሰማለሁ።»

ነፋሱ አንሶላውን አነሣው፣ መለሰው። ኢንስፔክተሯ እግሯን ማንቀሳቀስ ፈራች። ሜትር ግን ተነሣና፣ ረጅም ጣውላ በአንዱ ጫፍ እንደሚያነሣ ሰው ቀስ ብሎ ተራመደ። ጭራሮ አትምጣ አላለውም። እጁ ክንዱን ሲይዘው ከግንቡ አንድ እርምጃ ራቀ፣ ከዚያ ሌላ።

የጣሪያው በር ሲበረገድ ሁሉም ዘለሉ። ሳጅኑ ነው፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ዓይኑን ገለጠ!» አለ። «ነርሷን ሰደባት! ሐኪሙ ራሱ፣ እንዲህ ከተሳደበስ ተርፏል አለኝ!»

ጭራሮ ባለበት ቁጭ አለ። ሜትር አብሮት ወረደ፤ ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ጭራሮ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ፣ ዓመቱን ሙሉ ሆድ ይፍጀው ያለውን ሁሉ። እናትየው አልተጠራችም፤ ለቅሶውን ሰምታ በአንሶላዎቹ መሀል እየጣሰች መጣች። ሳጅኑ ፊቱን ወደ ከተማው አዞረና መነጽሩን ይጠርግ ጀመር።

አለቃዋ የደወሉት ደረጃውን ሲወርዱ ነው። «ስም አገኘሽ?»

«ገዳይ የለም፣ ጌታዬ» አለች። «ሁለት የታመሙ ልጆች ናቸው ያሉት። ሪፖርቱን በዝርዝር ነገ አቀርባለሁ።» መልሳቸውን ሳትጠብቅ ዘጋችው፤ ለዚህ ነገ እንደምትጠየቅ ታውቃለች።

ሐኪሙ ጭራሮን ብቻውን እንዳይተዉት አዘዘ። ክፍል ሰጡት፣ የምታነጋግረው ባለሙያም ተጠራች። እናትየው አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እግሩን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። በሩ ላይ አንዲት ፊቷ የማይፈታ ነርስ ቆማለች።

«ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው» አለች ሜትርን ከላይ እስከ ታች እያየችው። «አንተ ምኑ ነህ?»

«አብሬው ነው የምማረው» አለ ሜትር፣ ከዚያ የበለጠ የመናገር መብት እንደሌለው አውቆ።

«የክፍሉ ልጅ ከሆንክ ነገ ና።»

ልጁ የሚገባውን እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀና ወደ ኋላ አለ። አክስቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እየጠበቀችው ነው።

«ጓደኛዬ ነው።»

ድምፁ የመጣው ከአልጋው ነው፣ ቀጭን፣ የደከመ። ነርሷ ዞረች። «ምን አልክ?»

«ጓደኛዬ ነው አልኩ» አለ ጭራሮ። «ይግባ።»

ነርሷ ኢንስፔክተሯን አየቻት። ኢንስፔክተሯ እጇን ዘርግታ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። ሜትር ወዲያው አልገባም፤ ፊቱን በሁለት መዳፉ አበሰ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ገባና ከአልጋው ማዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ» አለው። «ከመጀመሪያው ጀምር።»